ሳጥን ውስጥ የቆየ ፕሩፍ ሳንቲም ስንት ያወጣል? ከመሸጣችሁ በፊት እንዲህ እዩት

ፕሩፍ የሚባለውን የሰብሳቢ ሳንቲም ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልስ ከመስጠቴ በፊት «ማን ነካው? ማን ወለወለው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዋጋው ከሁሉም በላይ የሚንጠለጠለው በዚህ መልስ ላይ ነው።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሳንቲምና ወርቅ የሚገዛ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። አካባቢው ሐበሻ የበዛበት ስለሆነ የአገር ቤት ሳንቲም በብዛት ይመጣል፦ በጃንሆይ ጊዜ የተገዛ የወርቅ ስብስብ፣ በደርግ ጊዜ ለውጭ ሰብሳቢ ተብሎ የወጣ የብር ሳንቲም፣ ለልጅ ምርቃት የተሰጠ የአሜሪካ ስብስብ። ወላጅ ያርፍና ሳጥኑ ይከፈታል፤ ወራሾቹ ምን እንደያዙ ሳያውቁ መጀመሪያ ባገኙት ሱቅ በሚዛን ብቻ ሸጠውት ይሄዳሉ። ይህ ያንገበግበኛል። ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ልታዩት የምትችሉትን ሁሉ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ፕሩፍ የሚባለው ለሰብሳቢ ተብሎ በልዩ ጥንቃቄ የተመታ ሳንቲም ነው። ለገበያ የሚወጣው ሳንቲም በጥድፊያ ይመታል፣ እርስ በርሱ እየተጋጨ በከረጢት ይሞላል። ለፕሩፉ ግን ጥፍጥፉ ብረት ሳይመታ በፊት ይወለወላል። የሚመታበት ማኅተምም ሜዳው፣ ማለትም ከምስሉና ከፊደሉ ውጭ ያለው ባዶ ቦታ፣ መስታወት እስኪሆን ይወለወላል፤ ምስሉና ፊደሉ የተቀረጹበት ቦታ ደግሞ ሆን ተብሎ እንዲሻክር ይደረጋል። ከዚያም በከባድ መጫኛ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመታና አንድ በአንድ በእጅ ይነሳል። የሚወጣው ሳንቲም ሜዳው ጥቁር መስታወት፣ ምስሉ ውርጭ የመሰለ ነጭ ይሆናል። የፊደሎቹ ጠርዝ ስል ነው፤ የሳንቲሙ ዙሪያ ከንፈርም በስል ማዕዘን ቀጥ ብሎ ይቆማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፕሩፍ የአሠራር ዓይነት እንጂ የጥራት ደረጃ አይደለም። ፕሩፍ ሆኖ የተወለደ ሳንቲም ኪስ ውስጥ ከርሞ ቢፋቅም ፕሩፍነቱ አይቀርም፤ የተበላሸ ፕሩፍ ይባላል እንጂ። ተራ ሳንቲም ደግሞ የፈለገውን ያህል ቢያበራ ፕሩፍ አይሆንም። በ1969 ዓ.ም. የወጡትን የደርግ ሳንቲሞች ውሰዱ፦ አንድ ሳንቲሙ ላይ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ አምስት ሳንቲሙ ላይ መሣሪያ የያዘ ወታደር፣ አሥር ሳንቲሙ ላይ ኒያላ፣ በሌላው ፊት የአንበሳ ራስ። ሁላችንም ዳቦ የገዛንባቸው ናቸው። የእነዚሁ ፕሩፍ ስብስብም አለ። ምስሉ ያው፣ ዓመቱም ያው ፲፱፻፷፱ ነው፤ ልዩነቱን የሚናገረው የሜዳው መስታወትነትና የጠርዙ ስለት ብቻ ነው። ስለዚህ «ዓመቱ አንድ ነው፣ የእኔም ያበራል» ብላችሁ ዋጋ አትጠብቁ።

ወደ ዋጋው እንግባ። መጀመሪያ የሚሰላው ማዕድኑ ነው፤ ከዚያ በታች መሸጥ የለባችሁም ለማለት ያስችላችኋል። የሚያስፈልገው ክብደቱና ንጽሕናው ነው። ክብደቱን በንጽሕናው አባዙ፤ ንጹሕ ብር ወይም ንጹሕ ወርቅ በግራም ይወጣል። ያን ለ31.1 ስታካፍሉት የዓለም ገበያ ዋጋ በሚነገርበት አውንስ ይሆንላችኋል።

በእጃችን በብዛት የሚገኙትን ላስላላችሁ። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ለዱር እንስሳት ጥበቃ የወጡት ሦስት ሳንቲሞች ዝነኞች ናቸው፦ ጺም ያለው አሞራ ያለበት ባለ 10 ብር፣ የደጋ አጋዘን ወይም ኒያላ ያለበት ባለ 25 ብር፣ ዋልያ ያለበት ባለ 600 ብር የወርቅ ሳንቲም። ፕሩፉ ባለ 10 ብር 28.28 ግራም ነው፤ ከሺህ 925 እጁ ብር ስለሆነ 26.16 ግራም ንጹሕ ብር አለው። ፕሩፉ ባለ 25 ብር 35 ግራም ሲሆን ንጹሕ ብሩ 32.4 ግራም ገደማ፣ ከአንድ አውንስ ትንሽ ያለፈ ነው። የእነዚህ የብር ሳንቲሞች ፕሩፍ ያልሆነው ዓይነት ይቀልላል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ሚዛን ራሱ ፕሩፍን ከተራው ይለይላችኋል። ዋልያው 33.437 ግራም ነው፤ ከሺህ 900 እጁ ወርቅ ስለሆነ 30.1 ግራም ንጹሕ ወርቅ ይዟል።

የጃንሆይ የወርቅ ስብስብ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የወጣው ነው፦ ባለ 10፣ 20፣ 50፣ 100 እና 200 ብር። ክብደታቸው 4፣ 8፣ 20፣ 40 እና 80 ግራም፣ ንጽሕናቸው ከሺህ 900። አምስቱ አንድ ላይ 152 ግራም ይመዝናሉ፤ ንጹሕ ወርቁ 136.8 ግራም ነው። ይህን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። «ስብስቡ አሮጌ ነው፣ ፈላጊ የለውም» የሚል ገዢ ቢያጋጥማችሁ ወርቁ ብቻ ከአራት አውንስ በላይ መሆኑን ንገሩት። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ፣ አፄ ዮሐንስ፣ አፄ ምኒልክ፣ ንግሥት ዘውዲቱና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሉባቸው የብር ባለ 5 ብሮች ወጥተዋል። የውጭ ካታሎግ ስትፈልጉ የንጉሡን ዘመን ሳንቲሞች «የኢትዮጵያ ዶላር» በሚለው ሥር ነው የምታገኟቸው፤ ብር ብላችሁ ብትፈልጉ ላይወጣላችሁ ይችላል።

ከማዕድኑ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ስንት ተመታ፣ ስንት በጥሩ ሁኔታ ተረፈ፣ ስንት ሰው ይፈልገዋል። ሦስቱም አንድ ላይ ካልተገናኙ ትርፍ ዋጋ የለም። የአሜሪካው ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ፕሩፍ ስብስብ ከ3.8 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ያኔ መንግሥት የሸጠው በ11 ዶላር ነበር፤ ብር የለበትም፤ ዛሬም በብዙ ሱቅ ከ11 ዶላር በታች ነው የሚገዛው። ከአርባ ዓመት በላይ ተጠብቆ ማለት ነው። በሌላ በኩል 1995 የሚል ዓመትና የዌስት ፖይንት መምቻ ቤት ምልክት ያለው ፕሩፍ የብር ኢግል፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የአንድ አውንስ ብር ሳንቲም፣ አለ። ለብቻው አልተሸጠም፤ አራት የወርቅ ሳንቲሞች ካሉበት ውድ ስብስብ ጋር ብቻ ነበር የሚገኘው። ስለዚህ 30,125 ብቻ ወጣ። የዚያ ሳንቲም ዋጋ የያዘው አንድ አውንስ ብር ከሚያወጣው ብዙ እጥፍ ነው። ሁለቱም ፕሩፍ፣ ሁለቱም የመንግሥት ሳጥን ያላቸው ናቸው።

የአሜሪካ ስብስብ ያላችሁ ሰዎች ሳጥኑን ሳትከፍቱ ዓመቱን እዩ። 1964 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በፊት ከሆነ በውስጡ ያሉት ባለ አሥር፣ ባለ ሃያ አምስትና ባለ ሃምሳ ሳንቲሞቹ 90 በመቶ ብር ናቸው፤ ሦስቱ አንድ ላይ 19 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይሰጣሉ። ከ1992 ጀምሮ መንግሥት ሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ ተራውና የብሩ ይለያያሉ፣ የብሩም ሳጥኑ ላይ ብር መሆኑ ተጽፎበታል። በመካከል ያሉት ዓመታት ብዙዎቹ ብር የላቸውም። ግን በችኮላ አትጣሉ፦ በ1990 ስብስብ ውስጥ ያለው ባለ አንድ ሳንቲሙ (ፔኒው) ከዓመቱ ሥር የሳን ፍራንሲስኮ ምልክት የሆነው የእንግሊዝኛ ኤስ ፊደል ከጎደለው ስህተት ነው፤ ሰብሳቢዎች በሺዎች ዶላር ይገዙታል። በአጉሊ መነጽር ማየቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ዋናው፣ ሳንቲሙን ማየት። የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛ መብራት፣ አምስት ወይም ሰባት እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ግራምን እስከ መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛንና ለስላሳ ጨርቅ ነው። የጣራውን መብራት አጥፉ። ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ በሁለት ጣት ያዙት፤ ፊቱን ፈጽሞ አትንኩ፣ የጣት ላብ የሚያሳርፈው አሻራ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ይበላዋል። ከሥሩ ጨርቁን አንጥፉ፤ ቢወድቅ እዚያ ይውደቅ። በላዩ ላይ አታውሩ፤ ትንሽ የምራቅ ነጠብጣብ ከዓመት በኋላ ጥቁር ነጥብ ሆና ትወጣለች። ከዚያ ሳንቲሙን በመብራቱ ሥር ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት፣ አሽከርክሩት።

ምን እንደምትፈልጉ እንድታውቁ አንድ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ባለ 25 ብሩን ኒያላ በመሐረብ ጠቅልለው አመጡ። ከሩቅ ሲያዩት ያንጸባርቃል። መብራቱ ሥር ሳዞረው ግን ሜዳው ሙሉ በቀጫጭን ጭረት ተሸፍኗል፤ ጭረቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ፣ ከሜዳው ተነስተው የኒያላውን አንገትና ቀንድ አቋርጠው የሚያልፉ ናቸው። እንደ ውርጭ ነጭ የነበረው ምስልም ተፍቆ አብርቷል፤ ሜዳውና ምስሉ አንድ ሆነዋል።

«እማማ፣ ማን ነው የወለወለው?»

«የልጅ ልጄ ነው፤ ጠቁሮ ነበር እኮ፣ በጥርስ ሳሙና አጽድቶ እንዴት አድርጎ እንዳሳመረልኝ!»

ያንን ሳንቲም ከብሩ ዋጋ በላይ የሚገዛው ሰብሳቢ የለም። ጠቁሮ ቢመጣ ኖሮ ይሻል ነበር። ብር ሳጥን ውስጥ ሲቆይ ቢጫ፣ ቡናማ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ቀለም ያወጣል፤ ይህ በራሱ የመጣ ስለሆነ ብዙ ሰብሳቢ አይጠላውም፣ ቆንጆ ከሆነ ጨምሮ የሚከፍልም አለ። ጭረት ግን አይመለስም። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የብር ማጽጃ ፈሳሽ፣ ለስላሳ የሚባለው የመነጽር ጨርቅ ሳይቀር ፕሩፍ ሊነካ አይገባም።

አንድ ዓይነት መስመር ግን አያስደነግጣችሁ። ማኅተሙ ሲወለወል የሚቀርበት ጭረት ሳንቲሙ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ መስመር ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለው መስመር ሜዳው ላይ ብቻ ነው፤ ምስሉ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ምስሉ ላይ አይወጣም። የጨርቅና የጣት ጭረት ግን ወደ ውስጥ የተቆረጠ ነው፣ ሜዳም ምስልም ሳይል ያልፋል። ይህን መለየት ከቻላችሁ ከብዙ ገዢ ተሽላችሁ ታያላችሁ። የተወለወለ ተራ ሳንቲምን «ፕሩፍ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁንም በዚሁ ትይዙታላችሁ፦ በፊደሎቹ መካከል ያለውን ጠባብ ቦታ እዩ። እውነተኛ ፕሩፍ እዚያም ውስጥ መስታወት ነው፤ በጨርቅ የተወለወለው ግን ጨርቁ ስለማይደርስ እዚያ ደብዝዞ ይቀራል።

ከጭረት በኋላ የማየው በሜዳውና በምስሉ መካከል ያለውን የነጭና ጥቁር ልዩነት ነው፤ በሙያው ካሚዮ ይባላል፣ በጣም ሲጎላ ዲፕ ካሚዮ ወይም አልትራ ካሚዮ። የቀድሞዎቹ ማኅተሞች የሻከረው ክፍላቸው ቶሎ ያልቅ ነበር። መጀመሪያ የተመቱት ጥቂቶቹ ነጭ ምስል ይዘው ይወጣሉ፤ ኋላ የተመቱት ምስላቸውም ያበራል። ለዚህ ነው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተመታ የአሜሪካ ፕሩፍ ካሚዮው ጥርት ያለ ከሆነ ከጎኑ ካለው ወንድሙ ብዙ የሚበልጠው። ለአሁኖቹ ግን ይህ ልዩ ነገር አይደለም፤ ሁሉም እንዲያ ሆነው ነው የሚወጡት።

አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ካያችሁ የድሮ የፕላስቲክ ኪስ ያወጣው ነው፤ ሳንቲሙን እየበላ ነው። በቶሎ ከዚያ ኪስ አውጡት። በንጹሕ አሴቶን ያለ ማሸት ነክሮ ማንሳት ይቻላል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ግን ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ስለሆነ አይሆንም። በራሳችሁ የማትተማመኑ ከሆነ ባለሙያ ይንካው። በዘመናዊ የብር ሳንቲም ላይ የሚወጣው ነጭ ነጠብጣብ ደግሞ የዋጋ ቅናሽ ነው፤ ለማስለቀቅ አትታገሉ።

ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ታዋቂዎቹ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ናቸው። ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ይፈርዱና በታሸገ ፕላስቲክ ያስቀምጡታል። ያልተነካ ፕሩፍ 60 እና ከዚያ በላይ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ የሚያዋጣው ለሦስት ነገር ነው፦ ለወርቅ፣ ቁጥሩ ትንሽ ለሆነ ሳንቲም፣ ሐሰተኛ ለሚበዛበት ሳንቲም። ለአንድ ተራ የብር መታሰቢያ ብትልኩት ክፍያው፣ ፖስታውና ኢንሹራንሱ ትርፋችሁን ይበላዋል። ስትገዙ ደግሞ ለ70 አትሟሟቱ። በ69 እና በ70 መካከል ያለውን ልዩነት በዓይናችሁ አታገኙትም፤ የዋጋው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። ገንዘባችሁን ቁጥሩ ጥቂት የሆነ ሳንቲም ላይ አውሉት።

ስለ ጠገራ ብርም ይጠይቁኛል። ማርያ ትሬዛ ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ያረፉበት ዓመት ነው። ሳንቲሙ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል፤ የቪየና ሳንቲም መምቻ ቤት አሁንም ለሰብሳቢ ይመታዋል። ስለዚህ ሜዳው መስታወት የሆነ፣ ምስሉ ነጭ የሆነ ጠገራ ካላችሁ የአያታችሁ ዘመን ሳይሆን የቅርብ ጊዜ ፕሩፍ ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ። ብሩ እውነተኛ ነው፤ የዕድሜው ታሪክ ብቻ ነው ሌላ። በገበያ ዞሮ ጎኑ የለሰለሰው ጠገራ ታሪኩ ሌላ ነውና ሁለቱን በአንድ ዋጋ አታቅርቡ።

ሐሰተኛውን ለመያዝ መጀመሪያ ሚዛን ነው። 28.28 መሆን ያለበት ሳንቲም 26 ከሆነ እዚያው ላይ አቁሙ። ሁለተኛ ማግኔት፤ ብርም ወርቅም አይሳብም። ባይሳብ ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፣ መዳብም አይሳብም። ሦስተኛ ስፋትና ውፍረቱን በካታሎግ ካለው ጋር አመሳክሩ፤ ኑሚስታ የሚባለው የሳንቲም ድረ ገጽ በነጻ ይታያል። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ ቅጂ በሕግ ኮፒ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል፤ ትንሽ ሆኖ ጥግ ላይ ሊጻፍ ይችላልና ፈልጉት። ዘመናዊ ሆኖ የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳንቲም ሳይሆን ሜዳሊያ ነው። የግል ድርጅቶች በፕሩፍ አሠራር የመቱት ሜዳሊያ ብዙ ነው፤ ብር ከሆነ በብሩ ይሸጣል፣ ተለብጦ ከሆነ ግን በጣም ጥቂት ነው የሚያወጣው። ከሳንቲሙ ጋር የሚመጣው የምስክር ወረቀት ደስ ይላል፣ ከሳጥኑ ጋር መኖሩም ዋጋ ይጨምራል፤ ግን ወረቀት ከሌላ ሳንቲም ጋር ሊጣመር ይችላልና በወረቀቱ ብቻ አትመኑ።

ዋጋ ለማወቅ ኢቤይ ላይ ስትገቡ ሻጩ የጠየቀውን አትዩ፤ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ምርጫ ንኩ። ሰው የፈለገውን ዋጋ ሊጽፍ ይችላል፤ ገንዘብ የተከፈለበት ዋጋ ነው የገበያ ዋጋ። ከዚያ ከማዕድኑ ስሌት ጋር አስተያዩት። ሱቅ ከወሰዳችሁት ቢያንስ ሦስት ቦታ አስገምቱ። ተራ የብር መታሰቢያን ሱቆች ብዙ ጊዜ ከብሩ ዋጋ ጥቂት ዝቅ አድርገው ነው የሚገዙት፤ እሱ የሥራው ትርፍ ስለሆነ አያስቆጣም። የሚያስቆጣው ሌላ ነው። የጃንሆይን ባለ 200 ብር ከተሰባበረ የአንገት ሐብል ጋር አንድ ሚዛን ላይ ሊያስቀምጥ የሞከረ ገዢ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ፊት ሳንቲሙን አንስታችሁ ውጡ። የወርቁን ስብስብ ወይም ቁጥሩ ጥቂት የሆነ ነገር የያዘ ሰው ደግሞ በሳንቲም ላይ የተካነ የጨረታ ቤት ይሻለዋል፤ ኮሚሽኑን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ለማቆየት ከሆነ በሳንቲሙ ልክ የተሠራ ጠንካራ ካፕሱል ግዙ፤ ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ ይቅርባችሁ። የመጀመሪያውን ሳጥን አትጣሉት። እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት አብራችሁ አስገቡ፣ ከመታጠቢያ ቤትና ከምድር ቤት አርቁት። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ወረቀት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፋችሁ አኑሩ፦ የየት አገር ሳንቲም እንደሆነ፣ ዓመቱ በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ክብደቱና ንጽሕናው፣ የት በስንት እንደተገዛ፣ «አይወልወል» የሚል ቃልም ጨምሩበት። እዚህ ያደጉት ልጆቻችን ብዙዎቹ ፲፱፻፶፰ን ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱ ከሌለ መጀመሪያ የገቡበት ሱቅ የነገራቸውን ነው የሚያምኑት።